የጠፋውን ፍጥነት ፍለጋ፦ የአንድ ቤንዚን ጎልፍ ካርት የጥገና ማስታወሻ፣ ለገጣፎ

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

በለገጣፎ ዳርቻ በምሠራበት የመኖሪያ መንደር ዕቃና አረጋውያንን ከበር ወደ ቤት የሚያመላልሱ ሁለት የቤንዚን ጎልፍ ካርቶች አሉ። ነጩ ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ውስጥ ሲመላለስ ከርሞ አሁን ዳገቱን መውጣት አቅቶታል። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠዋት ጠርተውኝ «ከእግረኛ አልሻል አለ፤ ገቨርነሩን ፍታለትና ይፍጠን» አሉኝ፤ ገቨርነር ፍጥነቱን የሚገድበው መሣሪያ ነው። ከእኔ በፊት የተጠየቀ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ አልቋል፣ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ካልተቀየረ ምንም አይደረግም ብሎ ነበር። ሁለቱንም ሐሳብ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌ፣ ማሽኑ ምን ያህል ፍጥነት እንዳጣ ሳላውቅ አንድም ቡሎን እንዳልፈታ ወሰንኩ።

የጎልፍ ካርት ፋብሪካ የሚሰጠው ፍጥነት እንደ ሞዴሉ በሰዓት ከ19 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ነው። በግቢው ሜዳ መንገድ ላይ በሜትር ለክቼ 100 ሜትር በኖራ ምልክት አደረግሁ፤ ወደ ውኃ ታንከሩ በሚወስደው ዳገት ላይም 60 ሜትር ለየሁ። ከምልክቱ በፊት ሙሉ ፍጥነቱን እንዲይዝ እያደረግሁ፣ ከነፋሱ ጋርም ሆነ ነፋሱን ተቃውሜ ሦስት ሦስት ጊዜ ነድቼ አማካዩን ወሰድኩ። ሜዳውን በ27 ሰከንድ ጨረሰ፤ ይህም በሰዓት 13.3 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዳገቱን በ24 ሰከንድ ሲወጣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ። ሁለት ሰው ተጭኖበት ሲሆን ደግሞ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመ።

ጥቅምት 5

የመጀመሪያ ሥራዬ ከሞተሩ ጋር ያልተገናኘ ነበር። ፍጥነት ያነሰው የሚመነጨው ኃይል ስላነሰ ነው ወይስ የመነጨው ኃይል በመንገድ እየባከነ ነው የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት። ብዙ ጊዜ ሞተር የሚፈታው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ነው።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅዬ፣ ኋላውን በክሪክ አንሥቼ በብረት እግር ላይ አሳረፍኩት። ማርሹን ነፃ አድርጌ የግራውን የኋላ ጎማ በእጄ ሳሽከረክረው ሩብ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። ቀኙ ትንሽ ይሻላል፤ ነገር ግን እሱም ሲዞር የፍሬን ሸራ መፋተግ ድምፅ ያሰማል። የጎማዎቹ ንፋስ ሲለካ አንዱ 9፣ ሌላው 11 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሆኖ ተገኘ፤ ለእነዚህ አጫጭርና ሰፋፊ ጎማዎች 20 ግድም ነው የሚያስፈልገው።

በአብዛኞቹ ጎልፍ ካርቶች ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎች ብቻ ነው፤ እሱም በፊሎ (በሽቦ ገመድ) የሚሳብ የታምቡር ፍሬን ነው። ክረምቱን ጭቃ ሲጠጣ የከረመ ፊሎ በሽፋኑ ውስጥ ይዝጋል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ተመልሶ አይላላም፤ ስለዚህ ሸራው ታምቡሩን ቀን ሙሉ እየላሰ ይውላል። ሾፌሩ ይህን አያውቀውም፤ የሚያውቀው መኪናው እንደከበደው ብቻ ነው።

ጥቅምት 8

ታምቡሮቹን አወጣሁ። በውስጣቸው የተከማቸውን ዱቄት በአየር ማስነፋት በጋራዦቻችን የተለመደ ቢሆንም በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል እርጥብ ጨርቅ ተጠቅሜ ጠረግሁ፤ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥሬ ጣልኩ። የግራው ሸራ በአንድ ጎኑ ከብረቱ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ሸራዎቹን ወስጄ አዲስ አስለጠፍኩ፤ ሁለቱንም ፊሎ ቀየርኩ፤ የሸራዎቹን መመለሻ ሞላዎችም አብሬ ቀየርኩ፤ የሞላዎቹ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና አሮጌውን መልሶ መግጠም አይገባም።

አሁን ጎማው በአንድ ግፊት ሦስት ዙር ተኩል ይሄዳል። ንፋሱን ሞልቼ ስለካው ሜዳውን በ23.5 ሰከንድ ጨረሰ፤ በሰዓት 15.3 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሞተሩን ሳልነካው 2 ኪሎ ሜትር ተመለሰ ማለት ነው።

ጥቅምት 12

ዛሬ ኃይሉን ከሞተር ወደ አክሰል የሚያስተላልፈውን ክፍል ከፈትኩ። ጎልፍ ካርት እንደ መኪና ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የለውም። ሁለት ፑሌጃዎችና (የቺንጋ መዞሪያ ጎማዎች) አንድ ወፍራም ቺንጋ ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ፑሌጃ በውስጡ ክብደቶች አሉት፤ ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይወረወሩና ሁለቱን የፑሌጃ ገጾች ያቀራርባሉ፤ ቺንጋውም ተጨምቆ ወደ ጠርዙ ይወጣል። በዚያው ልክ በአክሰሉ በኩል ያለው ፑሌጃ ሞላውን አሸንፎ ይከፈትና ቺንጋው ወደ መሐሉ ይሰምጣል። የማርሽ ለውጡ ይኸው ነው፤ ያለ ደረጃ፣ ከዝግታ ወደ ፍጥነት።

ከዚህ እንደሚታየው ቺንጋው በጎኑ ተበልቶ ከጠበበ ጉዳቱ በሁለቱም ጫፍ ነው። ሲነሣ በአክሰሉ ፑሌጃ ላይ ከጠርዙ በታች ስለሚቀመጥ በከባድ ማርሽ እንደ መነሣት ይሆንበታል፤ ሲፈጥን ደግሞ በሞተሩ ፑሌጃ ላይ እስከ ጠርዙ ስለማይደርስ የመጨረሻው ፍጥነት ይቀርበታል።

ይህን በግምት ከመናገር በዓይን ማየት ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ባለበት፣ በሞተሩ ፑሌጃ ገጽ ላይ ከመሐል እስከ ጠርዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አሰመርኩ፤ ከዚያም ሾፌሩ በሜዳው ላይ በሙሉ ፍጥነት አንድ ጊዜ ደርሶ እንዲመለስ አደረግሁ። ስንከፍተው ቺንጋው የረገጠው የመስመሩ ክፍል ተፍቆ ጠፍቷል፤ ያልረገጠው ግን እንዳለ ነው። ከጠርዙ ወደ ውስጥ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል መስመር፣ ጥቁርና ጥርት ያለ፣ ሳይነካ ቀርቷል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ካየው በኋላ «እዚች ጋ ነው እንዴ ፍጥነቴ የቀረው?» አለኝ። አዎ፣ አንደኛው ድርሻው እዚያ ነበር።

ቺንጋውን አውጥቼ ስለካው ስፋቱ 27 ሚሊሜትር ነው፤ አዲሱ 30 ግድም መሆን አለበት። ጎኖቹም ከመንሸራተት ብዛት እንደ ብርጭቆ አብረቅርቀዋል።

ጥቅምት 20

ለቺንጋው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ለመኪና የሚሆን ቺንጋ በየሱቁ ሞልቷል፤ የዚህ ግን ስፋቱ፣ ርዝመቱና የጎኑ ማዕዘን አንድ ላይ መግጠም አለበት። «ይሄም ይሠራል» እየተባልኩ አራት ቺንጋ ታየኝ፤ አንዱ በርዝመት ልክ ሆኖ በስፋት 25 ነበር፤ ያን ብገዛ ኖሮ ከአሮጌው የባሰ ሆኖ ይቀር ነበር። አሮጌውን ይዞ መሄድም ያሳስታል፤ ምክንያቱም አሮጌው ራሱ ልኩን አጥቷል። ቁጥሩን ከመመሪያው ጽፌ ስለሄድኩ በመጨረሻ ትክክለኛውን አገኘሁ።

ሁለቱን ፑሌጃዎች ፈትቼ የደረቀውን ጭቃ በብሩሽና በንጹሕ ጨርቅ አስወገድኩ። የአክሰሉ ፑሌጃ የሚንሸራተትበት ቡሽንግ በአፈር ተይዞ ስለነበር በእጅ ስገፋው በግማሽ መንገድ ይቆም ነበር። ቺንጋው በሚነካቸው ገጾች ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ፈጽሞ መድረስ የለበትም፤ አዲስ ቺንጋ ቅባት ከነካው ዋጋው ባከነ ማለት ነው። አዲሱ ተገጥሞ ሲለካ ሜዳው 19 ሰከንድ፣ በሰዓት ወደ 19 ኪሎ ሜትር፤ ዳገቱ 17 ሰከንድ። ሜዳው ላይ ከፋብሪካው የታችኛ ልክ ደረሰ፤ ዳገቱ ግን አሁንም አላረካኝም፤ ከማርሚታውም (ከጢስ ማውጫው) ጥቁር ጢስ ይወጣል።

ጥቅምት 22

ስለ አነሣሡ ጥቂት ላስፍር። ይህ ካርት ቆሞ አይነዝርም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ትዘጋለች፣ በእሷ ትእዛዝ ሞተሪኖም ዲናሞም የሆነው አንድ መሣሪያ በቺንጋ ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ሲነሣ ያው መሣሪያ ባትሪውን መሙላት ይጀምራል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሁሉም ይጠፋል። በመሆኑም መቶ ሜትር እየሄደ የሚቆም ካርት ባትሪውን ለማስነሣት ያወጣውን ያህል ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። ባትሪው 12.1 ቮልት ነበር፤ አውጥቼ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አሳደርኩት፤ የተርሚናሎቹን አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩ። የነዳጅ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ከሞተሩ ከርስ የሚመጣ የአየር ምት በመሆኑ፣ ምቱን የሚያመጣው ጎማ ቱቦ መሰንጠቁን አይቼ እሱንም ቀየርኩ።

ኅዳር 1

ወደ ሞተሩ የደረስኩት ዛሬ ነው። ጋራዡ ሞተሩን የፈረደበት በኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን በሚጨምቅበት ግፊት) ልኬት ነበርና እኔም በዚያው ጀመርኩ። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ነቅዬ፣ ጌጁን አስገብቼ፣ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ክፍል) በር ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ሳዞረው 75 ፒኤስአይ አነበበ። በመመሪያው የተጻፈው 150 ግድም ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ሞተሩ ግማሽ ነፍሱ እንደወጣ ቢናገር አይገርምም።

ነገር ግን መመሪያው የተጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ 2,400 ሜትር ግድም ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር እንጂ ያላገኘውን አይደለም፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እዚህ የሚያሳየው 150ን ሳይሆን 112 አካባቢ ነው። የጎደለው 75 ሳይሆን 37 ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳያደርጉ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስንት ጤነኛ ሞተር ተፈትቶ እንደሆነ ሳስብ ያሳዝነኛል።

የ37ቱንም ምክንያት ሞተሩን ሳልፈታ አገኘሁት። የቫልቭ ክዳኑን ከፍቼ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክፍተቱን በስስ የክፍተት መለኪያ ስፈትሽ፣ 0.10 ሚሊሜትር መሆን የሚገባው የጢስ ማውጫው ቫልቭ 0.05ቷን እንኳ አላሳልፍ አለ። ቫልቭና መቀመጫው ሲበላሉ ቫልቩ ወደ ላይ እየወጣ ክፍተቱን ይዘጋል፤ ክፍተቱ ፍጹም ሲጠፋ ቫልቩ አይከደንም፤ የሚጨመቀው አየርም በዚያ ያመልጣል። መቆለፊያ ዳዶውን አላልቼ፣ ማስተካከያውን በካቻቢቴ ይዤ፣ ቀጭኑ ብረት ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላዋ በትንሽ መያዝ የሚንሸራተት እስኪሆን አስተካከልኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ስለሚዛባ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ጌጁ 108 አነበበ። የፒስተን ፋሻ አያስፈልግም።

ኅዳር 5

የጥቁሩ ጢስ ጉዳይ። ካንዴላው እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ሲነካ ደረቅ ነው፤ የሚቃጠለው ቤንዚን ከአየሩ እንደበዛ ይህ ይናገራል። የአየር ፊልትሮውን መጀመሪያ ቀየርኩ፤ የታፈነ ፊልትሮም ይህንኑ ምልክት ያሳያልና። ጢሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከጥገና ይልቅ የአገር አቀማመጥ ጉዳይ ነው። ከታወቁት አምራቾች ሁለቱ፣ ኢ-ዚ-ጎ እና ክለብ ካር፣ ዋና መቀመጫቸው በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ኦገስታ ከተማና አጠገቧ ነው፤ የዚያች ከተማ መሐል ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው አምሳ ሜትር አይሞላም። ለዝቅተኛ ስፍራ አየር የተመጠነ ካርቡሬተር እኛ ደጋ ላይ ሲመጣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይሳሳም። አየሩ ሩብ ያህል ሲቀንስ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ በቤንዚን ወደ 15 በመቶ ገደማ ይወፍራል። የሚመጣጠን እንዲሆን የቤንዚኑ ቀዳዳ፣ ማለትም የዋናው ጄት ስፋት፣ በዚያው መጠን መጥበብ ይኖርበታል፤ ስፋት ከዲያሜትር ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ዲያሜትሩ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። በእኔ ካርቡሬተር የተገኘው ጄት ቁጥር 105 ነው፤ ስሌቱ ወደ 97.5 ወሰደኝ።

ጄት ማጥበብ አየሩን አይመልስም። ሞተሩ በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ሩቡን ማጣቱ አይቀርለትም፤ ሰውም የማይሆን ተስፋ መሰጠት የለበትም። በተሳሳተ ድብልቅ ምክንያት ከሩቡ በላይ ያጣውን ግን መመለስ ይቻላል፤ ቤንዚን ለመቅዳት ጄሪካን ይዞ መሰለፍ ባለበት ጊዜ ደግሞ ሳይቃጠል በጢስ የሚወጣው እያንዳንዱ ጠብታ ያስቆጫል።

ኅዳር 9

97.5 ቁጥር ያለው ጄት ከሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ አገኘሁ፤ የጥርሱና የርዝመቱ ልክ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተያይቶ ገጠመ። አንድ ባልደረባዬ አሮጌውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በመርፌ መብሳት እንደሚቻል ነገረኝ፤ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ግን ልኩ አይታወቅም፤ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ቢሳሳ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ቫልቩን ይፈጃል፤ ስለዚህ አልተስማማሁበትም።

ካርቡሬተሩን ያወረድኩት ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ደጅ ላይ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ነው። በታችኛው ጎድጓዳው ውስጥ ከርሞ የዘቀጠ ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር አገኘሁ፤ ቤንዚን ለወራት ሲቆም የሚተወው ነው። በማጽጃ አጥቤ፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ሳልነካ በአየር ብቻ አስነፋሁ። አዲስ ካንዴላ በ0.7 ሚሊሜትር ክፍተት ገጠምኩ፤ የሞተር ዘይቱንም ቀየርኩ።

ከሃያ ደቂቃ ሙሉ ሥራ በኋላ ካንዴላው ሲወጣ የነጣ ቡና ቀለም ይዟል። ሜዳው 16 ሰከንድ፣ በሰዓት 22.5 ኪሎ ሜትር። ዳገቱ 13.5 ሰከንድ፣ በሰዓት 16። ሁለት ሰው ጭኖም ሳይቆም ወጣ። የስልኬ ጂፒኤስም በሜዳው ላይ ከዚሁ ጋር ተስማማ።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከየቤቱ የሚነሣው ጢስ መንደሩን ስለሸፈነው ከማርሚታው የሚወጣውን ጢስ ቀለም መለየት አልተቻለም፤ ልኬቱን ለሌላ ቀን አስተላለፍኩ። የመሪውን ጫፎችና የፊት ጎማ ኩሽኔታዎችን ብቻ ግሪስ አጠጣሁ።

ኅዳር 15

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ተቀምጠውበት ዞሩና ደስ አላቸው፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰው አነሡት። «እንዲህ ከሆነማ ገቨርነሩን ፈታ ብታደርገው ሠላሳ አይገባም?» አሉ።

ይገባል። ገቨርነሩ ያለው አክሰሉ ውስጥ ነው፤ ጎማው በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር በውስጡ ያሉ ክብደቶች ተከፍተው በአንድ ክንድና ሞላ አማካይነት የካርቡሬተሩን በር መልሰው ይዘጋሉ። ሞላውን ጥቂት መወጠር ብቻ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል፤ ቀላል ስለሆነም ነው ብዙ ሰው ከዚያ የሚጀምረው። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እንየው» አልኳቸውና አብረን ወረድን።

በደረቅ አስፋልት፣ በ22.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ፍሬኑን ከረገጥኩበት ምልክት ካርቱ እስከቆመበት 5.8 ሜትር ለካን። የመቆሚያ ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ በ32 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይኸው ፍሬን የሚፈልገው ከ11 ሜትር በላይ ይሆናል። ከዳገቱ ግርጌ እስከ ሕፃናቱ መጫወቻ በር ድረስ ያለው ርቀት 9 ሜትር ነው፤ እሱንም እዚያው ሜትሩን ዘርግተን ለካነው። ደግሞም ቁልቁለት ላይ ገቨርነሩ ቤንዚኑን ይዘጋል እንጂ ክብደቱን አይዝም፤ እዚያ ያለው ብቸኛ መያዣ የኋላዎቹ ሁለት ታምቡሮች ናቸው። ቀበቶ የለውም፤ በር የለውም፤ በጎን የሚቀመጡት አብዛኞቹ ደግሞ አረጋውያን ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ሜትሩን ጠቅልለው ሰጡኝና «እንዳለ ይቆይ» አሉ። የገቨርነሩን ማስተካከያ ዳዶ በቀይ ቀለም ነጥብ አደረግሁበት፤ ማንም ቢነካው ነጥቡ ተዛብቶ ይታያል።

ኅዳር 18

ለነጩ ካርት ትንሽ ደብተር ከፈትን፤ ሾፌሩ በየሰኞው የጎማ ንፋስና የዘይት መጠን ይጽፍበታል፤ በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ 100 ሜትሩን ነድቶ ሰከንዱን ያሰፍራል። ከ18 ሰከንድ ካለፈ መጀመሪያ ጎማውን አንሥቶ በእጅ እንዲያሽከረክር፣ ቀጥሎ በማርከር እንዲያሰምር ነግሬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አረንጓዴውን ካርት አስገባሁት። ሜዳውን በ21 ሰከንድ ነው የጨረሰው። የግራ ጎማው በእጅ ሲገፋ አራት ዙር ሄደ፤ ቀኙም እንደዚያው። ፍሬኑ ደህና ነው። የፑሌጃውን ሽፋን ከፍቼ መስመሩን አሰመርኩ፤ ነገ ጠዋት ይነዳል።